ብሩን በኪሎ ከመሸጥሽ በፊት ገልብጠሽ እዪው

ጥያቄ፦ «ሰላም ወንድሜ። የምኖረው ሊዮን ነው። ስድስት ዓመት የተንከባከብኳቸው አሮጊት ማዳም በቅርቡ አረፉ። ልጆቻቸው ለማስታወሻ ብለው አንድ የእንጨት ሳጥን ሰጡኝ። ውስጡ 12 ሹካና 12 ትልልቅ ማንኪያ አለ። ቢላ የለውም። ሁሉም ጠቁሯል። ፊደል የተቀረጸበት ደግሞ በፊቱ ሳይሆን በጀርባው ነው። የራስ ቁር ያደረገች ሴት የምትመስል ትንሽዬ ማኅተምም አለችበት። ጓደኛዬ ‹ወርቅ ገዢ ቤት ወስደሽ በኪሎ ሽጪው› አለችኝ። እውነተኛ ብር ነው? ቢላው የት ሄደ? ልሽጠው ወይስ ላስቀምጠው? ፎቶ ልኬልሃለሁ።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ለማዳም ነፍስ ይማር። ስድስት ዓመት ሰው መንከባከብ ቀላል አይደለም። ልጆቻቸውም ያንን አይተዋል ማለት ነው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። አዎ፣ ብር ነው። ያውም ደህና ብር። ፎቶውን አጉልቼ አይቼዋለሁ። ያቺ የራስ ቁር ያደረገች ሴት ሚኔርቫ ትባላለች፤ የጥንት ሮማውያን የጥበብ አምላክ ነበረች። ፈረንሳይ ከ1838 ጀምሮ በብር ዕቃ ላይ የምትመታው የመንግሥት ማኅተም የእሷ ራስ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) ከግንባሯ ፊት ለፊት «1» የሚል ቁጥር ይታያል። ከ1000 እጁ 950ው ንጹሕ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ ነው ማለት ነው። አገጯ ሥር «2» ተጽፎ ቢሆን ኖሮ 800 ይሆን ነበር።

ለማነጻጸር ያህል፣ አያቶቻችን ይገበያዩበት የነበረው ማርትሬዛ 833 ነው። አገር ቤት ያለው የድሮ የብር መስቀልና አልቦ ብዙው ማርትሬዛ ቀልጦ የተሠራ ነው። ስለዚህ ሳጥንሽ ውስጥ ያለው ሹካ ከአያትሽ የአንገት መስቀል በብርነቱ ሳይበልጥ አይቀርም። በቅድስናው አላልኩም።

«በኪሎ ልሽጠው?» ላልሽው ግን አጭር መልስ የለኝም። ፈረንሳዮች ራሳቸው ከ300 ዓመት በላይ ሲመላለሱበት የኖሩት ጥያቄ ነው።

ሊዮን ከኖርሽ «አርዣን» የሚለውን ቃል በየቀኑ ትሰሚዋለሽ። ብርም ማለት ነው፣ ገንዘብም ማለት ነው። ልክ እንደ እኛው «ብር»። ይህ እንዲያው የቃል ግጥምጥሞሽ አይደለም። ድሮ በአንድ ባለጸጋ ቤት የብር ሳህን ማለት የተቀመጠ ገንዘብ ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ያለ የቁጠባ ባንክ የለም። ሰውየው ያለውን ብር ሳህን ያሠራዋል። እንግዳ ሲመጣ ይታይበታል። ሲቸግረው ያቀልጠዋል። የአንጥረኛው ሒሳብ እንኳ ሲጻፍ የብሩ ክብደት ለብቻ፣ የእጅ ዋጋው ለብቻ ነበር። የእጅ ዋጋውን «ፋሶን» ይሉታል። ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብተሽ የምታውቂ ከሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንብሽም። ዕቃው ሲቀልጥ የብሩ ዋጋ ይመለሳል። ፋሶኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል።

ይህን ነገር በትልቁ ያደረገው ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ነው። ቬርሳይ ቤተ መንግሥቱን በብር ዕቃ ሞላው። ማንኪያና ሳህን ብቻ እንዳይመስልሽ። ጠረጴዛው፣ መቅረዙ፣ የመስታወቱ ክፈፍ፣ የብርቱካን ዛፍ የሚተከልበት ገንዳ ሳይቀር ብር ነበር። ክሎድ ባለንን የመሰሉ የዘመኑ ታላላቅ አንጥረኞች ዓመታት የደከሙበት ሥራ ነው። ያ ዝነኛው የመስታወት አዳራሽ በ1684 ሲያልቅ ብሩ ተደረደረበት። አምስት ዓመት ብቻ ቆየ። በ1689 ንጉሡ ከግማሽ አውሮፓ ጋር ጦርነት ገጥሞ ነበር፤ ወታደር ደግሞ ደሞዝ ይፈልጋል። 20 ቶን ያህል ብር ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ ገንዘብ ወደሚመታበት ቤት ተጋዘ። ቀለጠ። የተገኘው ገንዘብ ከታሰበው በእጅጉ አነሰ። ለእጅ ሥራው የወጣው ወጪ ከምድጃ አይመለስማ። ዛሬ የእነዚያን ጠረጴዛዎች መልክ የምናውቀው በጊዜው ከተሠሩ ሥዕሎችና ግድግዳ ላይ ከሚሰቀሉ ምንጣፎች ነው።

በዚያ አላበቃም። በ1709 ሌላ ጦርነት፣ ሌላ ማቅለጥ። መኳንንቱ ብራቸውን አስረክበው በሸክላ ሳህን መብላት ጀመሩ። ፋያንስ የሚባለው ባለቀለም ሸክላ ገበያው የደራው በዚህ ሰበብ ነው። በ1759 ሉዊ 15ኛ በተራው አስቀለጠ። ከዚያ የፈረንሳይ አብዮት መጣ፤ የቤተ ክርስቲያኑም የመኳንንቱም ብር እሳት ገባ። በዚህ ሁሉ መሃል ደግሞ ፋሽን ያለፈበት የመሰለው ሁሉ የአባቱን ሳህን አቅልጦ አዲስ ያሠራል። ከ1700 በፊት የተሠራ የፈረንሳይ የገበታ ብር ዛሬ ብርቅ የሆነው ለዚህ ነው።

እና የጓደኛሽ ምክር አዲስ አይደለም። የሉዊ 14ኛ ምክር ነው።

በነገራችን ላይ፣ የፓሪሱ ገንዘብ መምቻ ቤት ለእኛም ሠርቷል። የምኒልክ መልክ ያለበት፣ በጀርባው አንበሳው ያለበት፣ 1887 ዓ.ም. የሚለው ብር የተመታው እዚያው ነው። ይህቺ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ናት።

ወደ ማኅተም ልመለስ። ማኅተም ያስፈለገው በዚሁ ምክንያት ነው። ሳህኑ ገንዘብ ከሆነ ብሩ እንዳይበረዝ የሚጠብቅ ያስፈልጋል። ንጹሕ ብር ለስላሳ ነው። እንዲጠነክር ትንሽ መዳብ ይገባበታል። ጣጣው ያለው «ትንሽ» የምትለዋ ላይ ነው። አንጥረኛው መዳቡን ጨመር ቢያደርገው በዓይን የሚለየው የለም። ስለዚህ ገና በ1275 የፈረንሳይ ንጉሥ በብር ዕቃ ላይ የከተማው ምልክት እንዲመታ አዘዘ።

በ18ኛው መቶ ዓመት ፓሪስ የተሠራ አንድ ሳህን አራት ማኅተም ነበረው። አንዱ የሠሪው ነው፦ የስሙ ፊደሎች፣ የራሱ ምልክት፣ ከላይ ዘውድና የንጉሡ አበባ። ሁለተኛውን የግብር ሰዎች ሥራው ገና በጅምር ላይ ሳለ ይመቱታል። ሦስተኛው የአንጥረኞች ማኅበር ሹሞች ብሩን ፈትነው የሚመቱት፣ በየዓመቱ የሚለወጥ ፊደል ነው። ይቺ ፊደል ለእኛ ማር ናት፤ የተሠራበትን ዓመት ታወጣለች። አራተኛዋ በጣም ትንሽ ናት። ሥራው አልቆ ግብሩ ሲከፈል ትመታለች፤ «ሒሳቡን ጨርሷል» እንደ ማለት።

ማኅበሩ ቀልድ አያውቅም ነበር። በፓሪስ የአንጥረኛ ጌቶች ቁጥር ከ300 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ልጁ ስምንት ዓመት ይማራል፣ ሦስት ዓመት በሰው ቤት ተቀጥሮ ይሠራል፣ ከዚያ ይፈተናል። ቦታ ካለ። ምድጃው ወደ መንገድ በኩል፣ አላፊ አግዳሚ በሚያየው ቦታ መተከል ነበረበት። ጓዳ ገብቶ ማቅለጥ ክልክል ነው። ፓሪስ ስትሄጂ በሴን ወንዝ ዳር «ኬ ዴ ዞርፌቭር» የሚል መንገድ አለ፤ የአንጥረኞች ዳርቻ ማለት ነው። ዛሬ ሰው ስሙን የሚያውቀው በፖሊስ መሥሪያ ቤቱ መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ያም ሆኖ ማጭበርበሩ አልቀረም። አንዳንዱ ትንሽ ዕቃ ላይ ማኅተም ያስመታና ያቺን ቁራጭ ቆርጦ ከትልቅ ዕቃ ጋር ይበይዳታል። ግብር የሚከፍለው ለትንሹ ነው፣ የሚሸጠው ትልቁን። እንዲህ ያለውን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ብሩ ላይ ትንፋሽሽን «ሃ» ብለሽ ልቀቂበት። ጉሙ ሲለቅ የተበየደው መስመር ለአፍታ ብቅ ይላል። የተፋቀ ጽሑፍም እንዲሁ።

እንግዲህ ምርጡ የፈረንሳይ ብር የት ነው ብትዪ፣ ብዙው ፈረንሳይ አይደለም። ይህ ነገር መጀመሪያ ሲነገረኝ አላመንኩም ነበር። ምክንያቱን ግን አሁን ታውቂዋለሽ፤ የውጭ ነገሥታት ያዘዙትን የፈረንሳይ ንጉሥ ሊያስቀልጠው አይችልም።

የፓሪሱን አንጥረኛ ቶማ ዠርማንን ውሰጂ። በ1748 ሞተ፤ በዘመኑ ከእሱ የሚስተካከል አልነበረም ማለት ይቻላል። ልጁ ፍራንሷ ቶማ ሥራውን ወረሰ። በ1755 ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች፤ የፖርቱጋል ንጉሥ ብር ከቤተ መንግሥቱ ጋር አብሮ ጠፋ። ንጉሥ ዦዜ ለፍራንሷ ቶማ አዲስ አዘዘ። ያ ሥራ ዛሬም ሊዝበን ነው፤ በጥንታዊ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም ታዪዋለሽ። ሰውየው ራሱ ግን በ1765 ከሰረ። የንጉሥ አንጥረኛ መሆን ከመክሰር አያድንም።

ሌላው የኦርሎቭ ገበታ የሚባለው ሙሉ የገበታ ዕቃ ነው። የሩሲያዋ ንግሥት ካትሪን በ1770 ፓሪስ ላሉት ለዣክ ሮቲዬና ለልጁ አዘዘች። ከ3000 በላይ ዕቃ! ንግሥቲቱ ያንን ሁሉ ለወዳጇ ለግሪጎሪ ኦርሎቭ ሰጠችው። እሱ በ1783 ሲሞት መልሳ ወሰደችው። ከዚያ ሁሉ ዛሬ የተረፈው ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። ፓሪስ ሄደሽ ማየት ከፈለግሽ ጥቂቱ ኒሲም ደ ካሞንዶ ሙዚየም አለ። ሉቭር ሙዚየም ስትሄጂ እንደሚያጋጥምሽ ዓይነት ግፊያ የለበትም። ሂጂ።

አሁን ስለ አሠራሩ ላውራሽ። እኔ የምወደው ክፍል ይህ ነው።

አንድ ትልቅ የሾርባ ማቅረቢያ የሚጀምረው ከአንድ ጠፍጣፋ ክብ ብር ነው። አንጥረኛው ክቡን መስፍ ላይ አድርጎ በመዶሻ ከመሃል ወደ ዳር ዙሪያውን ይቀጠቅጠዋል። ብሩ ቀስ በቀስ ይነሣል፣ ግድግዳ ያወጣል። ብር ግን ሲመታ ይደርቃል። ዝም ብለሽ ብትቀጥዪ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ምድጃ ይገባና ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ይግላል፤ እንደገና ይለሰልሳል። አሲድ ውስጥ ተነክሮ ጥቀርሻው ይወገዳል። እንደገና መዶሻ። እንደገና እሳት። ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። መጨረሻ ላይ ፊቱ መስታወት በመሰለ መዶሻ ትንንሽ ምት እየተመታ ይስተካከላል። ጥሩ ዕቃ እጅሽ ውስጥ አድርገሽ ወደ ብርሃን ብታዘነብዪው ያቺ የመዶሻ ምት እንደ ውኃ ሞገድ ትታያለች። በማሽን የተሠራው ላይ የለችም።

ጌጡ ሌላ ሥራ ነው። እግሩ፣ እጀታው፣ ክዳኑ ላይ የተቀመጠው አርቲቾክ የሚባለው አትክልት ወይም የአደን ወፍ፣ ለብቻው በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ቀልጦ ፈስሶ ይወጣል። ከዚያ በብር ብየዳ ይያያዛል። ከቅርጹ ሲወጣ ፊቱ ሻካራ ነው። ላባውን ላባ፣ ቅጠሉን ቅጠል የሚያደርገው ቀጥሎ የሚመጣው ባለ ጥቃቅን መሮ ሰው ነው። የሚቀርጸው ሌላ ሰው ነው። የመጨረሻዎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሴቶች ነበሩ። «ብሩኒሶዝ» ይባላሉ። በልሙጥ ጠንካራ ድንጋይ ወይም በብረት መሣሪያ ብሩን እየተጫኑ ሲያሹት ይውላሉ። መፋቅ አይደለም፤ ብሩን መተኛት ነው የሚያስተምሩት። ያ ጥልቅ ጥቁርማ ድምቀት የሚመጣው ከዚህ ነው። ማኅተሙ ላይ የጌታው ስም አለ፣ የእነሱ የለም።

ወርቅ ቅቡን «ቬርሜይ» ይሉታል፤ ብር ላይ ወርቅ ማለት ነው። ድሮ ወርቁ ከሜርኩሪ ጋር ተቀላቅሎ ብሩ ላይ ይቀባና በእሳት ይተንናል። ሜርኩሪው ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። ሜርኩሪው የሚሄደው ግን ወደ ሠራተኛው ሳንባ ጭምር ነበር። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ጥርሳቸው እየረገፈ ነው የሠሩት። እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ውበቱን ብቻ ለሚያይ ሰው ይህን ሁልጊዜ እነግረዋለሁ።

የአንቺዎቹ ማንኪያዎች ግን ከ1838 ወዲህ ናቸው። በዚያ ጊዜ አሠራሩ ተለውጧል። ቀድሞ ማንኪያ ከብር ዘንግ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ነበር የሚወጣው። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ቅርጹና ጌጡ በተቀረጸበት የብረት ማተሚያ ይመታ ጀመር። ጠርዙ ላይ ያለው ድርብ መስመር ከጫፍ ጫፍ አንድ ዓይነት ከሆነ በማተሚያ የወጣ ነው። ነውር የለውም፤ ከዚያም በኋላ በእጅ ይሞረድና ይወለወል ነበር።

ዘመኑን የለወጠው አብዮቱ ነው። በ1791 የሙያ ማኅበራቱ ፈረሱ። ያ የ300 ሰው ወሰን ቀረ። ማርቲን ጊዮም ቢየኔ የሚባል ሰው ከአንጥረኞች ማኅበር አልነበረም፤ ሳጥንና መሰል ዕቃ የሚሠራ ነበር። ማኅበሩ ሲፈርስ ብር ውስጥ ገባና የናፖሊዮን አንጥረኛ ሆነ። ሴንት ኦኖሬ መንገድ ላይ የነበረው ሱቁ «ሐምራዊው ዝንጀሮ» ይባል ነበር፤ ማኅተሙም ላይ ዝንጀሮ አለ። የዘመኑ ተፎካካሪው ኦዲዮ ምልክቱ የዘይት ኩራዝ ነው። ፑይፎርካ የሚባለው በ1820 የተመሠረተ ቤት በኤሚል ፑይፎርካ ጊዜ የሚመታው ምልክት «ኢ» እና «ፒ» ከትንሽ ሰንጢ ጋር ነው።

ለምን ይህን እዘረዝራለሁ? ሹካሽ ላይ ከሚኔርቫ ሌላ ማኅተም ስላለ ነው። በፎቶው ላይ ደብዝዟል፤ ቅርጹ ግን ይለያል። በጫፉ የቆመ፣ አራት ጎን ያለው፣ ቀጠን ያለ ነው። የ1797ቱ ሕግ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ የሠሪው ማኅተም በዚህ ቅርጽ ነው የሚመታው። ውስጡ ሁለት ፊደልና አንድ ምልክት አለ። በሌንስ እዪው። ኩራዝ ነው? ሰንጢ ነው? ኮከብ ነው? ዋጋሽ ያለው እዚያች የሩዝ ፍሬ የምታክል ቦታ ላይ ነው።

ሌላም አለ። ማኅተሙ ከተመታበት በስተጀርባ ያለውን ቦታ ተመልከቺ። ጥቃቅን፣ የነፍሳት እግር የመሰለ ነገር ይታይሽ ይሆናል። ቆሻሻ አይደለም። መንግሥት ማኅተም የሚመታበት መስፍ ራሱ የተቀረጸ ነበር። ከላይ ሚኔርቫ ስትመታ ከታች መስፉ የራሱን ምልክት ያትማል። ፎርጅድ የሚሠራ ሰው ሚኔርቫን ይቀዳል፣ ጀርባውን ይረሳል።

ቅርጹ ካሬ የሆነ ማኅተም ካየሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ካሬ ማለት ልብጥ ነው። ከላይ ብር፣ ከውስጥ ማይሾር የሚባል የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል። ሻርል ክሪስቶፍል በ1842 በኤሌክትሪክ የመለበጥ መብቱን ገዛ፤ ከዚያ በኋላ ብር የሚመስል ገበታ ለመካከለኛውም ሰው ደረሰ። ናፖሊዮን 3ኛ እንኳ ለቱይለሪ ቤተ መንግሥት የ100 ሰው ገበታ ያዘዘው ከክሪስቶፍል ልብጥ ነው። በ1871 ቤተ መንግሥቱ ሲቃጠል የገበታው መሃል ጌጥ ከፍርስራሹ ውስጥ ተገኘ። ተጣሞ፣ ጠቁሮ። ዛሬ ፓሪስ በጌጣጌጥ ጥበባት ሙዚየም ተቀምጧል። ሊቀልጥ የማያዋጣ ስለሆነ ከነጉዳቱ ተረፈ ብዬ ነው የማስበው።

ልብጥ ላይ «84» ወይም «90» የሚል ቁጥር ታያለሽ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። 90 ከመቶ ብር ማለት አይደለም። ዕቃዎቹን ለመለበጥ ስንት ግራም ብር እንደገባ የሚናገር ነው። ለሌላ ጊዜ፣ ገበያ ስትዞሪ፣ ይህን ያዢ።

ቢላው የት ሄደ? አልጠፋም። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን የጨርቅ ማስቀመጫ እዪው። 24 ቦታ ብቻ ካለው መጀመሪያም አልነበረም። ፈረንሳይ ውስጥ ማንኪያና ሹካ የአንጥረኛ ሥራ ነው፤ ቢላ የቢላ ሠሪው ነው። ማኅበራቸውም የተለያየ ነበር። ማኅበሩ ቢፈርስም ልማዱ ቀጠለ፤ ሰው ማንኪያና ሹካውን አንድ ላይ፣ ቢላውን ለብቻ ይገዛል። ቢላው ደግሞ ብረቱ ይዝጋል፣ ይሳላል፣ ያልቃል። ወደፊት የብር እጀታ ያለው ቢላ ካገኘሽ ሙቅ ውኃ ውስጥ አትንከሪው። እጀታው ቀጭን የብር ቅርፊት ነው፤ ውስጡ ሙጫ የመሰለ ነገር ተሞልቷል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ስድስት ቢላ ፍል ውኃ ውስጥ ትቼ ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ሦስቱ ስለታቸው ከእጀታው ወጥቶ ተንሳፏል ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ተነቅሏል። አስተማሪዬ ሁለት ቀን አላናገሩኝም።

ፊደሉ በጀርባ የሆነውም ስሕተት አይደለም። ፈረንሳዮች ገበታ ሲያሰናዱ ሹካውን ጥርሱን ወደ ታች፣ ማንኪያውን ሆዱን ወደ ታች አድርገው ያስተኛሉ። እንግዳው የሚያየው ጀርባውን ነው፤ ስለዚህ የሚቀረጸው እዚያ ነው። ሹካው የእጅጌ ዳንቴል እንዳይዝ ነው የሚል ወሬም አለ። እኔ ግን ጌጥን ለማሳየት ነው የሚለው ያሳምነኛል። የተጠላለፉ ሁለት ፊደላት ከሆኑ የጋብቻ ስጦታ ሳይሆን አይቀርም፤ የባል ቤተሰብ ስምና የሚስት ቤተሰብ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው።

ጥቁረቱ ከድኝ ነው። አየር ላይ ያለው ድኝ ብሩን ያጠቁረዋል። እንቁላል ውስጥም አለ። ስለዚህ ለዶሮ ወጥ እንቁላል በዚህ ማንኪያ አትጠቀሚ፤ ባፍታ ይጠቁራል። ጨው ደግሞ ብሩን ይበላዋል። የላስቲክ ማሰሪያም አትጠቅልዪበት፣ መስመሩ ይቀራል። ለማጽዳት ለስላሳ ሳሙና፣ ለብ ያለ ውኃ፣ የጥጥ ጨርቅ። ከዚያ በብር መወልወያ ክሬም በስሱ። ኢንተርኔት ላይ ያለውን የአሉሚኒየም ወረቀትና የሶዳ ዘዴ አልመክርሽም። በቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ ያለውን ጥላ ሁሉ አጥቦ ብሩን ገርጥቶ የሞተ ያስመስለዋል። ማኅተሙ ላይ ደግሞ አትፈግፍጊ። በመወልወል ብዛት ሚኔርቫዋ ፊቷ የጠፋ ስንት ሹካ አይቻለሁ።

አሁን ሽያጩ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ከ1838 በኋላ የተሠራ ተራ የ12 ሰው ገበታ ፈረንሳይ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ብዙ ጊዜ ዋጋው ከብሩ ክብደት ብዙም አይርቅም። የማታውቂያቸው ሰዎች ፊደል መኖሩ አንዳንድ ገዢ ይቀንስበታል። ያንን ፊደል ግን በምንም ተአምር አታስፍቂው፤ ብሩን ያሳሳዋል፣ በትንፋሽም ይታወቃል። ታዋቂ ሠሪ ከወጣበት ወይም ቅርጹ ያልተለመደ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ሚኔርቫ ባይኖርና ያቺ በየዓመቱ የምትለወጠው የማኅበሩ ፊደል ብትኖር ኖሮ ደግሞ አሁኑኑ ደውዪልኝ እልሽ ነበር።

የማደርገውን ልንገርሽ። በኩሽና ሚዛን መዝኚው። አንዱ 80 ግራም አካባቢ ከሆነ 24ቱ ሁለት ኪሎ ገደማ ይሆናል። በ0.95 አባዢው፣ የዕለቱን የብር ዋጋ እዪ። ከዚያ በታች የሚሰጥሽ ሰው ፋሶኑን ብቻ ሳይሆን ብሩንም እየቀነሰብሽ ነው። ወርቅ ገዢው ትንሽ ይቀንሳል፣ ሥራው ነው፤ ግማሽ ከቀነሰ ውጪለት። ከዚያ በፊት ግን ሊዮን ካሉት የጨረታ ቤቶች አንዱ ጋ ሂጂ፤ ብዙዎቹ ግምቱን በነፃ ይነግሩሻል። አንድ ቦታ ብቻ አትጠይቂ፣ ሁለት ጠይቂ። ሲመዝኑልሽ ዓይንሽን ሚዛኑ ላይ አድርጊ።

እኔ ብሆን? ገንዘቡ ካላስቸገረሽ አልሸጥም። ማንኪያ ነው፣ ብዪበት። ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ የሚውል ብር ነው ቶሎ የሚጠቁረው፤ በየቀኑ የሚታጠብና የሚደርቅ ብር ንጹሕ ሆኖ ይቆያል።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጊ። ልጆቹን የእናታቸው የቤተሰብ ስም ከጋብቻ በፊት ምን እንደነበር ጠይቂያቸው። የአያታቸውንም። የሠሪውንም ማኅተም በሌንስ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፣ ፍላሽ አታብሪ።